በባዕድ አገር ከአዲስ የሥራ ባልደረቦች ጋር ተስማምቶ ስለ መሥራት

ሰው የሚኖረው በሥራው ነው፤ ሥራውንም የሚያከናውነው ከሰው ጋር ነው። ገበሬ ከወንፈል ጓደኞቹ፥ ነጋዴ ከገበያተኛው፥ ጸሓፊ ከመዝገብ ቤቱ ሰዎች ጋር ካልተስማማ የእጁ ሙያ ብቻውን ብዙ አይጠቅመውም። በአገር ቤት ሳለን ይህን ነገር እምብዛም አናስበውም፤ ሰላምታውን፥ ቀልዱን፥ ኩርፊያውንና ዕርቁን ከእናታችን ቤት ጀምሮ ለምደነዋልና። ድንበር ተሻግረን በባዕድ ሰዎች መካከል ሥራ በያዝን ጊዜ ግን ሳንማር እናውቀው የነበረው ሁሉ እንደ ገና በትምህርት የሚገኝ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው። ነገሩ በጠቅላላ አነጋገር ብቻ እንዳይቀር አንድ የታወቀ ምሳሌ እንይዛለን፤ ይኸውም ነርስነትን በአገራቸው ተምረው በጀርመን ሆስፒታሎች ለመሥራት የሚሄዱት ወንድሞችና እኅቶች ጉዳይ ነው። በጀርመን አገር የሕሙማን አስታማሚ ቍጥር ከሚፈለገው ያነሰ ስለ ሆነ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከመጋቢት 1 ቀን 2020 ጀምሮ የጸና ሕግ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ባለሙያዎች መንገዱን አስፍቶላቸዋል። የሚሄደውም ሰው ቋንቋውን በሚገባ መማር፥ የምስክር ወረቀቱን ማስመርመር፥ የጎደለው ነገር ካለም ወይ ፈተና መፈተን ወይም የማሟያ ልምምድ መፈጸም ይጠበቅበታል።

ይህን ሁሉ ደክሞ ካለፈ በኋላ ግን በወረቀት የማይሰጥ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ይኸውም አብረውት ከሚሠሩት ሰዎች ጋር መግባባት ነው። በአገሩ ሕግ መሠረት የሙከራ ጊዜ ተብሎ እስከ 6 ወር ሊቈይ የሚችል ዘመን አለ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪውም ሆነ ሠራተኛው በ2 ሳምንት ማስታወቂያ ሊለያዩ ይችላሉ። የእንግዳው የመኖሪያ ፈቃድ ከሥራው ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ሥራውን ያጣ ሰው በአገሩ መቀመጡም ያሳስበዋል፤ በአገር ቤትም የእርሱን እጅ የሚጠብቁ ወላጆችና ታናናሾች አሉ። ስለዚህ ነገሩ የጠባይ ማሳመሪያ ምክር ብቻ ሳይሆን የኑሮ ጉዳይ መሆኑን አንባቢያችን ይረዳልን።

፩ የቀደሙት ሰዎች ምሳሌ

በባዕድ አገር ማገልገል ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ዮሴፍ በወንድሞቹ ተሸጦ ወደ ግብጽ ከወረደ በኋላ መጀመሪያ በጲጥፋራ ቤት፥ ቀጥሎ በግዞት ቤት፥ በመጨረሻም በፈርዖን አደባባይ አገልግሏል። የአገሩን ቋንቋ እጅግ ከመልመዱ የተነሣ፥ ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ በመጡ ጊዜ በአስተርጓሚ ሲያነጋግራቸው ሥጋ ዘመዳቸው መሆኑን አላወቁም። ስሙም ተለውጦ ጸፍናት ፐዕናህ ተብሏል። ይህን ያህል ከፍ ብሎ ሳለ ግን ማዕድ በቀረበ ጊዜ ለእርሱ ለብቻው፥ ለወንድሞቹ ለብቻቸው፥ ለግብጻውያንም ለብቻቸው ነበር የቀረበው። ሹመት እንኳ በሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ቀን እንደማያስወግድ ከዚህ እንማራለን።

ዳንኤልና ጓደኞቹም በባቢሎን የከለዳውያንን ቋንቋና ትምህርት 3 ዓመት እንዲማሩ ተመድበው ነበር። ከንጉሡ ማዕድ ላለመብላት ልባቸው በቈረጠ ጊዜ ሳሕኑን አልገፉም፥ አላኰረፉምም፤ በላያቸው የተሾመውን ሰው 10 ቀን ጥራጥሬ እየበሉ እንዲፈትናቸው በትሕትና ለመኑት እንጂ። የጠየቁት ነገር የሚፈተንና የሚታይ ስለ ነበረ ሰውዬው ሊፈቅድላቸው ቻለ።

የእኛ አገር ታሪክ ደግሞ ከሌላው ወገን ያለውን ያሳየናል። በ4ኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ የጢሮስ ልጆች የተሳፈሩበት መርከብ በቀይ ባሕር ዳር ተጠቅቶ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። እንግዶች ሲሆኑ፥ አንዱ የንጉሡ መዝገብና ጽሕፈት ጠባቂ፥ ሌላው ጠጅ አሳላፊ ሆኑ። ንጉሡ በሞተ ጊዜም ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ እንዲረዷት ለመነቻቸው። ያ ፍሬምናጦስ ኋላ ከእስክንድርያ ተሹሞ የተመለሰው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው። እንግዲህ እኛ ራሳችን እንግዳ ሠራተኛን ተቀብለን የተጠቀምን ሕዝብ ነን።

ከእነዚህ ታሪኮች ሦስት ነገር እናገኛለን፤ የአገሩን ቋንቋ መልመድ፥ የተሰጠውን ሥራ በታማኝነት መያዝ፥ ሊለወጥ የማይገባውንም ነገር በጨዋ ቃል ማስረዳት። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ሁሉ የእነዚህ ማብራሪያ ነው።

፪ ስለ ቋንቋና ስለ ምልክት

በትምህርት ቤት የተማሩት ጀርመንኛና በሕሙማን ክፍል የሚሰሙት ጀርመንኛ አንድ አይደሉም። መምህሩ ቀስ ብሎ፥ ቃሉን ሁሉ ጨርሶ ይናገራል፤ የማታው ተረኛ ግን ሥራውን ለጠዋቱ ተረኛ ሲያስረክብ የ20 ሕሙማንን ነገር በጥቂት ደቂቃ፥ በምሕጻረ ቃልና በአገሬው ዘዬ ያወርደዋል። ሕመምተኛውም ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ስለ ሆነ የትውልድ መንደሩን አነጋገር ይናገራል።

በዚህ ጊዜ እንግዳው የሚወድቅበት ወጥመድ ራስን መነቅነቅ ነው። ያልገባውን ነገር እንደ ገባው አድርጎ ማለፍ በእኛ ዘንድ ተናጋሪውን ከማስቸገር መዳን፥ ወይም አክብሮት መስሎ ይታያል። በመድኃኒት ነገር ግን ይህ አክብሮት አደጋ ነው። አሥራ ሦስትና ሠላሳ ተምታተው ቢሰሙ፥ የሚጎዳው ነርሱ ሳይሆን በአልጋው ላይ የተኛው ሰው ነው። ስለዚህ «አልገባኝም፤ እባክዎ እንደ ገና ይንገሩኝ» ማለት፥ የሰሙትንም በራስ ቃል ደግሞ ማረጋገጥ፥ የሥራው አንዱ ክፍል እንጂ የድንቍርና ምልክት አይደለም። አባቶቻችን ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ያሉት ሹመት ለሚሻ ሰው ብቻ አይደለም።

ከቃል ሌላ ምልክትም አለ። እኛ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «እ» ስንል አዎን ማለታችን ነው። ይህን የማያውቅ ባልደረባ ግን የደነገጥን ወይም የታመምን ይመስለዋል፤ በሕሙማን ክፍል ደግሞ ድንጋጤ በከንቱ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በስዊድን ሰሜናዊ ክፍል ያሉ ሰዎችም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበው አዎን ማለታቸው የሚያስገርም ነው፤ ለእነርሱ ማስረዳት አያሻም፤ ለቀሩት ግን አንድ ጊዜ እየሣቁ መንገር ይበቃል። በንግግር ጊዜ ዓይንን ዝቅ ማድረግም እንዲሁ ነው። ለእኛ አክብሮት የሆነው ለእነርሱ አንድ ነገር መደበቅ ይመስላቸዋል።

፫ ስለ ስምና ስለ አጠራር

አውሮፓውያን የቤተ ሰብ ስም አላቸው፤ እኛ ግን የራሳችን ስምና የአባታችን ስም ነው ያለን። በፓስፖርቱ ላይ በሁለተኛ የተጻፈው እንደ ቤተ ሰብ ስም ስለሚቈጠር፥ አባቷ ከበደ የሆነች ነርስ በመጀመሪያው ቀን «ወይዘሮ ከበደ» ተብላ ትጠራለች። ዘወር ብላ አባቷን ብትፈልግ አይፈረድባትም። የባልዋን ስም ያልያዘችበትን፥ ልጆቿም ከእርሷ የተለየ ስም ያላቸው ስለ ምን እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ትጠየቃለች። ይህን እንደ ንቀት ሳይሆን እንደ መልካም አጋጣሚ ይቍጠሩት፤ ስለ ስማችን ማስረዳት ለብዙዎች የወዳጅነት መጀመሪያ ሆኗልና።

በአጠራር ረገድ ጀርመኖች እንደ እኛ አንተና አንቺ፥ እርስዎም ይለያሉ፤ «ዱ» ለቅርብ፥ «ዚ» ለአክብሮት ነው። ብዙ ጊዜ ከ«ዚ» ወደ «ዱ» ለመሸጋገር የሚጋብዘው በዕድሜ ወይም በማዕርግ የሚበልጠው ነው፤ ስለዚህ እንግዳው በ«ዚ» ጀምሮ ግብዣውን ቢጠብቅ አይሳሳትም። በአንድ ክፍል የሚሠሩ ነርሶች ግን በአብዛኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው «ዱ» ይባባላሉ። በስዊድን ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይለያል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. የመንግሥቱ የሕክምና መሥሪያ ቤት አለቃ የነበሩት ብሮር ሬክሴድ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ «ዱ» ብለው እንደሚጠሩ አስታወቁ፤ አስቀድሞ የጀመረው ይህ ልማድ ከዚያ በኋላ በአገሩ ሁሉ ተስፋፍቶ፥ ዛሬ አለቃውና ጽዳት ሠራተኛው አንተ ይባባላሉ።

ታላቁን «አንተ» ማለት ለኢትዮጵያዊ ምላሱን ያስረዋል። ነገር ግን አክብሮት በቃሉ ብቻ እንዳልተወሰነ ማስተዋል ይገባል። በ«ዱ» ውስጥ ቅንነትና መታዘዝ ካለ አክብሮቱ ሙሉ ነው፤ በ«ዚ» ውስጥም ንቀት ሊኖር ይችላል።

፬ ስለ ሰዓትና ስለ ቀን

እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምረን እንቈጥራለን፤ እነርሱ ከእኩለ ሌሊት። የጠዋቱ ተረኛ በብዙ ሆስፒታሎች በእነርሱ 6 ሰዓት ገደማ ይገባል፤ ይህም በእኛ ከሌሊቱ 12 ሰዓት ነው። በሐሳቡ ውስጥ እየቀነሰና እየደመረ የሚሠራ ሰው ሲደክመው መሳሳቱ አይቀርም፤ በ8 ሰዓት የታዘዘ መድኃኒት የጠዋቱ 2 ሰዓት መሆኑ አንድ ጊዜ ቢዘነጋ ጕዳቱ ቀላል አይሆንም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእነርሱ ሰዓት ማሰብን መልመድ፥ የኪስ ስልክንም በዚያው ማድረግ የተሻለ ነው። የዘመን አቈጣጠራችንም በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለይ፥ በምስክር ወረቀትና በፓስፖርት የተጻፈው የልደት ቀን መስማማቱን ከጕዞ በፊት መመርመር ብዙ ምልልስ ያድናል።

ቀጠሮን ስለ ማክበር የሚነገረውን ሁሉም ሰምቶታል። ምክንያቱን ግን ጥቂቶች ያስባሉ። ሌሊቱን ሙሉ የቆመችው ነርስ ተተኪዋ እስኪመጣ ድረስ ሕሙማኑን ትታ መሄድ አትችልም። 10 ደቂቃ መዘግየት ከደከመች እኅት ዕረፍት ላይ 10 ደቂቃ መውሰድ ነው። ነገሩን እንዲህ ስናየው የፈረንጅ ግትርነት ሳይሆን ለባልደረባ ማሰብ ሆኖ እናገኘዋለን። የታመመም ሰው ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ ስልክ መደወል ይገባዋል፤ ሕጉ ሕመሙ ከ3 ቀን ያለፈ እንደ ሆነ የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል፤ አሠሪው ከዚያ አስቀድሞም ሊጠይቅ ይችላል።

፭ ስለ ሥራ ክፍፍል

ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚያቈስለው ይህ ነው። በአገራችን ሆስፒታል ሕመምተኛውን የሚያጥበው፥ የሚያበላውና የሚያገላብጠው ብዙ ጊዜ ከጎኑ የማይለይ ዘመዱ ነው፤ ነርሱ መርፌ ይወጋል፥ በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ያያይዛል፥ በገጠር ጤና ጣቢያ ደግሞ የሐኪምን ያህል ኀላፊነት ይሸከማል። በጀርመን ግን አስታማሚ ዘመድ በክፍሉ አያድርም፤ ማጠብና ማብላት፥ ከአልጋ ማንሣትና መጸዳጃ ማድረስ የነርሱ ዋና ሙያ ነው። በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ ግን በመሠረቱ የሐኪሙ ሥራ ሆኖ፥ ለነርሱ የሚተላለፈው ሐኪሙ ሲያዝዝ ነው።

ስለዚህ 4 ዓመት በዩኒቨርሲቲ የተማረና በአገሩ የተከበረ ሰው «እዚህ ያጠቡኝ ዘንድ አስጠሩኝ» ብሎ ያዝናል። ባልደረቦቹም በበኩላቸው «ይህ ሰው ሕመምተኛ ማጠብ ይጸየፋል» ይላሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ጀርመናዊቱ ነርስ ሽማግሌውን ስታጥብ ቈዳው መቍሰል መጀመሩን፥ እግሩ ማበጡን፥ ንግግሩ ከትናንት ይልቅ መጐተቱን ትመረምራለች፤ ማጠቡ ለእርሷ ምርመራም ነው። እንግዳውም ይህን ዐውቆ በሥራው ቢበረታ ክብሩ አይቀንስም። እግር ማጠብ ውርደት አለመሆኑን ማስተማር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለምና።

በሌላ በኩል ግን የሚያውቁትን ሁሉ ደብቆ መቀመጥም አይገባም። መሣሪያ በጎደለበት ስፍራ መሥራትን የለመደ ዓይን፥ ሕመምተኛው ከመውደቁ በፊት ምልክቱን የሚያውቅ ነው። ይህን በተገቢው ጊዜ፥ «በእኛ ዘንድ እንዲህ እናደርግ ነበር፤ እዚህስ እንዴት ነው?» በማለት ቢያቀርቡት ሰሚ ያገኛል። «እናንተ አታውቁም» ብለው ቢጀምሩት ግን እውነት ቢሆንም አይሰማም።

፮ ስለ ግልጽ ንግግርና ስለ ይሉኝታ

በጀርመን ባልደረባ ስሕተትን በፊት ለፊት፥ ያለ ብዙ መግቢያ ይናገራል፤ ከተናገረም በኋላ አብሮ ቡና ይጠጣል። ተግሣጹ ሥራውን እንጂ ሰውየውን አይመለከትምና። እኛ ግን ነቀፌታ በሰው ፊት ከተነገረ ቤተ ሰባችን ሁሉ የተሰደበ ያህል ይሰማናል፤ እናኰርፋለን፥ ዝም እንላለን፥ አስታራቂም እንጠብቃለን። በዚያ ግን አስታራቂ የሚልክ የለም፤ ኩርፊያውንም የሚያነብለት ሰው አይገኝም። ዝምታውን ሥራ እንደ መጥላት ይቈጥሩታል፤ የሙከራው 6 ወር ደግሞ እያለቀ ነው።

እንዲሁም ሥራው መልካም ሲሆን ምስጋና ላይሰማ ይችላል። በብዙ የአገሩ ክፍል አለመነቀፍ እንደ መመስገን ይቈጠራል። ስለዚህ እንግዳው በዝምታው አይታወክ፤ ይልቁንም በወር አንድ ጊዜ ያህል የክፍሉን ኀላፊ «ሥራዬ እንዴት ነው? ምን ላሻሽል?» ብሎ ይጠይቅ። በሙከራው መጨረሻ ከሚመጣ ድንገተኛ ደብዳቤ ይልቅ በጊዜው የተነገረ መራራ ቃል ይሻላል።

፯ ስለ ማዕድ

ባልደረቦች እርስ በርስ የሚተዋወቁት ከሥራው ይልቅ በዕረፍቱ ሰዓት ነው። ብቻውን ጥግ ይዞ የሚበላ እንግዳ ዐይን አፋርነቱ ኵራት ይመስልበታል። ጾመኛ የሆነ ሰውም ጾሙን ምክንያት አድርጎ ከማዕዱ መሸሽ አይገባውም። ሥጋም ወተትም ዕንቍላልም የሌለበት ምግብ ዛሬ በአውሮፓ ከተሞች የታወቀ ስለ ሆነ ማስረዳቱ ቀላል ነው፤ ዳንኤል እንዳደረገው በአጭርና በጨዋ ቃል መናገር፥ የሌላውንም ሳሕን አለመመርመር ይበቃል። የገና በዓላችን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጥር 7 ቀን ስለሚውል፥ በታኅሣሥ 25 ቀን ለእነርሱ ተረኛ ሆኖ የቆመ ሰው በጥር የእርሱን በዓል ቢያስፈቅድ ደስ ብሏቸው ይለውጡለታል፤ ነገር ግን የሥራው ሰሌዳ ከመውጣቱ አስቀድሞ ይጠይቅ።

አንድ ትንሽ ልማድም እንጨምር። በጀርመን የልደት ቀኑ የሆነው ሰው ራሱ ነው ኬክ ይዞ የሚመጣው፤ አዲስ የገባ ሠራተኛም ከጥቂት ቀን በኋላ አንዳች የሚቀመስ ነገር ማቅረቡ የተለመደ ነው። ይህ ለእኛ አይከብድም። ድፎ ዳቦ ጋግሮ ወይም ቡና ቈልቶ የሄደ ሰው በአንድ ጠዋት የሚያፈራውን ወዳጅ በብዙ ወር ንግግር አያገኘውም።

፰ በደል በደረሰ ጊዜ

እስካሁን የተናገርነው አለመግባባትን ነው። አለመግባባትና በደል ግን ልዩ ልዩ ናቸው። ሕመምተኛው በቈዳዋ ቀለም ምክንያት አትንኪኝ ቢላት፥ ባልደረባም ሁልጊዜ ከባዱን ሥራ ለእንግዳዋ ብቻ ቢተውላት፥ «እኔ ነኝ ያልገባኝ» ብላ ራሷን መክሰስ የለባትም። ትዕግሥት በጎ ነገር ነው፤ በደልን መደበቅ ግን ትዕግሥት አይባልም፤ በኋላ ለሚመጡት እኅቶችም መሰናክል ትቶ ማለፍ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚሠራበት መንገድ አለ። መጀመሪያ ነገሩን ከነቀኑና ከነሰዓቱ መጻፍ፤ ቀጥሎ ለክፍሉ ኀላፊ በእርጋታ መናገር፤ ያልተሰማ እንደ ሆነም በአብዛኞቹ ሆስፒታሎች በሠራተኞች ለተመረጡት ተወካዮች ማመልከት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የእኩልነት ሕግ በዘርና በትውልድ፥ በሃይማኖትና በጾታ ምክንያት በሥራ ላይ ማበላለጥን ይከለክላል፤ ካሣ የሚጠይቅ ሰው ግን በ2 ወር ውስጥ በጽሑፍ ማቅረብ አለበት። ይሉኝታ ይህን ጊዜ ከበላው መብቱ አብሮ ያልፋል።

፱ ስለ አገር ልጆች

በአንድ ሆስፒታል ሁለት ሦስት ኢትዮጵያውያን ቢገናኙ ደስታቸው ታላቅ ነው፤ አስቀድሞ የመጣው ለኋለኛው የሆስፒታሉን ልማድ ቢያስረዳው ከመጽሐፍ ሁሉ ይበልጣል። ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር የተቀመጠው በወገን ብቻ ሳይሆን በድንኳን ሰፊነት ሙያቸው አንድ ስለ ነበሩ ነው። ሆኖም በሌሎች መካከል ተቀምጦ በአማርኛ መንሾካሾክ ሐሜት ያስመስላል፤ ለሕመምተኛውም ሥጋት ነው። አማርኛውን ለዕረፍት ሰዓትና ለቤት፥ ጀርመንኛውን ለሥራው ማድረግ ለሁሉም ይበጃል። ከዚህም ሌላ ቅሬታን ብቻ የሚለዋወጡበት ስብሰባ እንግዳውን ከማጽናት ይልቅ ያዝለዋል።

ማጠቃለያ

በባዕድ አገር ከባልደረባ ጋር መስማማት ራስን መካድ አይደለም፤ እንደ ቀድሞው ብቻ ልኑር ማለትም አይደለም። መለወጥ የሚገባውን፥ ይኸውም ቋንቋን፥ ሰዓትን፥ የአነጋገርን ልማድ በፈቃደኝነት ለውጦ፥ መለወጥ የማይገባውን፥ ማለት ሃይማኖትን፥ ታማኝነትንና ሰውን ማክበርን፥ በግልጽና በትሕትና ይዞ መኖር ነው። ሁለቱን መለየት ጊዜ ይወስዳል። የመጀመሪያው ወር እንባ፥ የሦስተኛው ወር ድካም ያለበት እንደ ሆነ ብዙዎች ይነግሩናል፤ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለውም ለዚህ ነው።

በአገር ቤት ያለን እኛም ድርሻ አለን። ልጃችን በስልክ «ደኅና ነኝ» ባለ ጊዜ የገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የባልደረቦቹን ስም እንጠይቀው። ስማቸውን አንድ በአንድ መጥራት የጀመረ እንደ ሆነ፥ የሰው አገር ለእርሱ የሥራ ቦታ ብቻ መሆኑ እየቀረ ነውና ልባችን ይረፍ።